ሠላሳ ስድስት ከረጢቶች በሙቀት ክፍል

ጋሽ ጥላ ስማቸው ጋሽ ጥላ አይደለም። ስሙን ያወጡላቸው የፋብሪካው ጫኝና አውራጆች ናቸው። ሰውየው ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሲያዩ አያስችላቸውም። ጆንያ ይሁን በርሜል፣ የሰው ብስክሌትም ቢሆን፣ «ኧረ ይሄ ነገር ጥላ ይፈልጋል!» ብለው ካልጎተቱት እህል ውሃ አይላቸውም። አንድ ጊዜ የሥራ አስኪያጁን መኪና ግቢው መሀል ፀሐይ ሲመታት አይተው፣ ሁለት ሠራተኛ ጠርተው እየገፉ ዛፍ ሥር አስጠግተዋታል። ሥራ አስኪያጁ መኪናዬ ተሰረቀች ብሎ ግማሽ ሰዓት ግቢውን ሲያምስ እሳቸው ሻይ ይጠጡ ነበር። ሲጠየቁ «ጎማዋ እንዳይሰነጠቅብዎት ብዬ ነው» አሉ። የቀለዱ የመሰላቸው ሰዎች ሳቁ። እሳቸው ግን አልቀለዱም።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት መጋዘን ጠብቀዋል። በሃያ ዘጠኙ ዓመት እጃቸው የገባ ዕቃ ሻግቶ ወይም ነቅዞ አያውቅም። ይህን የሚናገሩት ሌላው ሰው ስለ ልጆቹ እንደሚናገረው ነው። እሳቸው ልጅ የላቸውም። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ የሚኖሩት ከከተማው ጫፍ፣ ላም የምታረባው ታናሽ እህታቸው ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል ነው።

ፋብሪካው የከብት መኖ ይሠራል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከመኖው ጋር የሚደባለቅ ዱቄት መሥራት ጀምሯል። ላም ስታመሰኳ ሆዷ ውስጥ ሚቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠራል። ብዙ ሰው በጀርባዋ የሚወጣ ይመስለዋል እንጂ አብዛኛው የሚወጣው በአፏ፣ ስታገሳ ነው። ይህ ጋዝ ሰማይ ላይ ተከማችቶ የምድርን ሙቀት አላስወጣ ይላል። ዱቄቱ ታዲያ ጋዙ ገና ሆዷ ውስጥ እንዳለ ይቀንሰዋል። በቀን አንድ መስፈሪያ ከፉርሽካ ጋር ለውሶ መስጠት ነው፤ በቃ። ጎረቤት «ጋሼ፣ አሁን ደግሞ ምን ጀመራችሁ?» ሲላቸው «የላም ግሳት እናርማለን» ብለው ያልፋሉ።

ችግሩ ዱቄቱ ሙቀት አለመውደዱ ነው። ጋዙን የሚቀንሰው ፍሬ ነገሩ ክዳኑ ተከፍቶ እንደቀረ አልኮል ይበናል። ለዚህ ሲባል እያንዳንዷ ቅንጣት በስስ ስብ ትለበጣለች። ልባጩ ከላላ ፍሬ ነገሩ የተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል ሽታ እየሰጠ ይሄዳል፤ የሚቀረው ላሟን የማይጎዳም የማይጠቅምም ብናኝ ነው። ስለዚህ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው ላሟ ዘንድ ሳይሆን መጋዘን ውስጥ ነው። ስንት ወር ይቆያል?

ይህን እንድትመልስ የተቀጠረችው ኬሚስት ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ስትቸኩል ጋውኗን ገልብጣ የምትለብስ ልጅ ናት። ጋሽ ጥላ የወደዷት በመጀመሪያው ቀን ነው። መጋዘኑን ዞራ አይታ «ጋሼ፣ ይሄ መጋዘን ከእኔ ላብራቶሪ ይጸዳል» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ ልጅቷ ብትሰድባቸውም ግድ የላቸውም ነበር።

ከመጋዘኑ ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል አስለቅቃ ማሞቂያ ተከለችባት። አየሩ እንዲረጥብ ውሃ የሞሉ ሳህኖች ወለሉ ላይ ደረደረች። ግድግዳው ላይ ሌት ተቀን የክፍሉን ሙቀት የሚጽፍ መሣሪያ ሰቀለች። ከዚያ መደርደሪያው ላይ ሠላሳ ስድስት ባለ ሁለት ኪሎ ከረጢት አስቀመጠች። በየወሩ ሦስት ሦስቱን እያነሳች ልትመረምር ነው፤ እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር።

ጋሽ ጥላ አንገታቸውን አስግገው ቴርሞሜትሩን አዩት።

«አርባ? ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እንኳን ዱቄት ሚስማርም አይተርፍ።»

«እሱን ነው እኮ ማወቅ የምፈልገው ጋሼ። ገበሬው የሚያስቀምጠው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። እርስዎን የመሰለ ሰው ከየት ያመጣል?»

«ብናስተምረውስ?»

«ጋሼ! እንዳይነኩብኝ። አያገላብጡ፣ ትንሽ አየር ላግባላቸው አይበሉ። ይሰቃዩ።»

«ይሰቃዩ» የሚለው ቃል አልተዋጠላቸውም። ቢሆንም «እሺ» አሉ። ቁልፉ ግን እሳቸው ጋ ቀረ፤ በድርጅቱ ደንብ ዕቃ ያለበት ክፍል ቁልፍ ሁሉ የሚቀመጠው መጋዘን ጠባቂው ዘንድ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ በሦስተኛው ወር ሞተ። በሩ ሲከፈት የነጭ ሽንኩርቱ ሽታ ኮሪደሩን አልፎ ጽሕፈት ቤት ገባ። ሥራ አስኪያጁ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ መጣና «አንድ ዕድል አለ» አላት። «እሱም ካልሆነ ማሽኑን ወደ ተራ መኖ እንመልሳለን። አንቺንም እናመሰግናለን።» በዚያ መሥሪያ ቤት የተመሰገነ ሰው በማግስቱ ተመልሶ አይመጣም።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ጥላ ልጅቷን ከፉርሽካው ክምር ጀርባ ቆማ ስታለቅስ አገኟት። ሊያጽናኗት ፈለጉ። ማጽናናት ግን አያውቁበትም።

«እዚያ አትደገፊ ልጄ» አሏት፣ «ጋውንሽን ይለቀልቅብሻል።»

ሁለተኛው ሙከራ በአዲስ ልባጭ ተጀመረ። እንደገና ሠላሳ ስድስት ከረጢት፣ እንደገና አርባ ዲግሪ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ቀትር ላይ ሰው ሁሉ ወጥቶ ጋሽ ጥላ በሮቹን ሲቆልፉ፣ የሙቀት ክፍሏ በር ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቁልፉ ላይ ቀረ። ገብተው አዩአቸው። ከረጢቶቹ ማሞቂያው ፊት ለፊት ተደርድረው፣ ፕላስቲካቸው ላብ ጠብ ጠብ እያለበት ነበር። ሰው እንኳ ቅዳሜ ከሰዓት ያርፋል ብለው አሰቡ። የእጅ ጋሪውን ጎትተው መጡ፣ ሠላሳ ስድስቱንም ጫኑና ቀዝቃዛው ክፍል፣ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ አሳረፏቸው። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ኬሚስቷ ሳትገባ፣ መልሰው በየቦታቸው ደረደሯቸው። የፊቱን ፊት፣ የኋላውን ኋላ።

ከዚያ ማታ ማታም ተለመደ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያወጣሉ፤ ጠዋት ያስገባሉ። ለራሳቸው የሰጡት ማብራሪያ አጭር ነበር፦ ቀን ይሥሩ፣ ማታ ይረፉ። ልጅቷን እንዳታለሏት አንድም ቀን አልተሰማቸውም። ያገዟት ነው የመሰላቸው፤ ደካማ ተማሪ ፈተናውን እንዲያልፍ ከጀርባው ሆኖ እንደሚንሾካሾክ ሰው። ግድግዳው ላይ ያለው መሣሪያም አላጋለጣቸውም። ሌት ተቀን አርባ፣ አርባ፣ አርባ እያለ ጻፈ። አልዋሸም። የተጠየቀው ስለ ክፍሉ ነው፤ ስለ ከረጢቶቹ የጠየቀው የለም።

ዓመቱ ሞላ። ኬሚስቷ የመጨረሻዎቹን ሦስት ከረጢቶች መርምራ ከላብራቶሪ ስትወጣ ጋውኗን ገልብጣ ለብሳ ነበር። ከመቶ ዘጠና አራቱ አልበነነም! መጋዘን ድረስ ሮጣ መጥታ ጋሽ ጥላን አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችባቸው። «የእርስዎ እጅ ነው ጋሼ! ክፍሏን እንዲህ ባይጠብቋት ኖሮ!» አለች። እሳቸው በደስታ ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። እውነቷን ነው ብለው አሰቡ።

ከረጢቱ ላይ በቀይ ቀለም ታተመ፦ በማንኛውም የመኖ ቤት አሥራ ሁለት ወር ሳይበላሽ ይቆያል።

ከአርቢዎች ሁሉ መጀመሪያ የታደላት የጋሽ ጥላ እህት ናት። ወተቷን የምታስረክብበት ማሰባሰቢያ ጣቢያ ሰዎች «ወይዘሮ ሚዛን» ይሏታል። ወተቷ ላይ ጠብታ ውሃ ተገኝቶ አያውቅም፤ የሌላ ሰው ወተት ላይ ከተገኘ ደግሞ ፊት ለፊት ትናገራለች። ስለዚህ የሚያከብሯት ብዙ፣ የሚወዷት ጥቂት ናቸው። አሥራ አንድ ላሞች አሏት፤ ትልቋ እመቤት ትባላለች።

ዱቄቱ በሃያ አምስት ኪሎ ከረጢት መጣላት። እሷም ተቀብላ ቆርቆሮ ጣሪያ ካላት የመኖ ቤቷ ውስጥ ከሌላው መኖ ጎን አስቀመጠችው። ጋሽ ጥላ ማታ ሲገቡ አዩት።

«ወደ እኔ ክፍል ላስገባው» አሉ። «እዚህ ይግላል።»

«ወረቀቱ ምን ይላል? መኖ በምታስቀምጡበት ቦታ አስቀምጡ ይላል። መኖ የማስቀምጠው እዚህ ነው።»

«ወረቀቱ ያውቃል እንዴ ያንቺን ቆርቆሮ?»

«ወንድም ጋሼ፣ አንተ ከረጢት ስታይ ልጅ ታቅፈህ ያስተኛህ ይመስልሃል። እንደተባልኩ ነው የማደርገው።»

እንደተባለችውም አደረገች። በየቀኑ አሥራ አንድ መስፈሪያ፣ ጠርዙ በእንጨት ተስተካክሎ። በሰጠች ቁጥር የበረቱ በር ላይ በጠመኔ አንድ ሰረዝ ታሰምራለች። ከማሰባሰቢያው ጣቢያ ደግሞ በየወሩ አንድ ሳጥን በመኪና ይመጣል። ላሟ ጣፋጭ መኖ ለመልቀም ጭንቅላቷን ስትከት ሳጥኑ ትንፋሿን እየሳበ ጋዙን ይለካል። እመቤት ሳጥኑን ስለወደደችው አልወጣም ትላለች። በመጀመሪያው ወር ጋዙ በሲሶ ቀነሰ። ጣቢያው ለዚህ ሥራ ከተመረጡት አርቢዎች ወተት ቅድሚያ ሰጥቶ በየደጃቸው እየዞረ መሰብሰብ ጀመረ። ወይዘሮ ሚዛን ጠዋት ጠዋት ጋን ተሸክማ መሰለፏ ቀረላት።

በአምስተኛው ወር ሳጥኑ መጥቶ ሲለካ ጋዙ ዱቄቱ ከመምጣቱ በፊት የነበረው ያህል ሆኖ ተገኘ። እንደገና ለኩ። ያው ነው። የጣቢያው ሰብሳቢ መጣ፤ ኬሚስቷም ከፋብሪካው መጣች። እሑድ ስለነበር ጋሽ ጥላ ግቢ ውስጥ ነበሩ።

«እሜቴ» አለ ሰብሳቢው፣ «ዱቄቱን የት አደረሱት?»

«ላሞቹ ሆድ ውስጥ።»

«ሳጥኑ እንደሱ አይልም።»

«እንግዲህ ሳጥኑን ጠይቀው፤ እኔ የማውቀው የሰጠሁትን ነው። ሰረዙን ቁጠር።»

«ሰረዝማ ማን ያቅተዋል? ጠመኔ ካለ...»

ወይዘሮ ሚዛን ፊቷ ደም መሰለ። ወደ ኬሚስቷ ዞረች። «አንቺ የተማርሽ ነሽ። ዱቄቱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

ኬሚስቷ ከረጢቱን ልክፈተው እንኳ አላለችም። ድምፅዋ ለስላሳ ነበር፤ ያ ነው የባሰው። «እናቴ፣ በአርባ ዲግሪ ዓመት ሙሉ አስቀምጠን አይተነዋል። አምስት ወር ለሱ ምንም ማለት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ሰው ይረሳል፤ ወይም ይቆይልኝ ብሎ ይቆጥባል። ቢናገሩ ማንም አይቀየምም።»

«አልረሳሁም። አልቆጠብኩም።»

ሰብሳቢው ደብተሩን ዘጋ። በመጪው ሳይሆን በቀጣዩ ሐሙስ የአርቢዎቹ ጠቅላላ ስብሰባ አለ፤ ጉዳዩ እዚያ ይቀርባል። ጥፋተኛ ከተባለች ከተመረጡት ዝርዝር ብቻ ሳይሆን ከማሰባሰቢያው ጣቢያም ትሰረዛለች፤ መስፈሪያ ያጭበረበረ ሰው ወተቱስ ምን ዋስትና አለው?

ሰዎቹ ሲሄዱ ጋሽ ጥላ እንደቆሙ ቀሩ። እህታቸው ወደ በረት ገብታ ያልቆሸሸውን ወለል ትጠርግ ጀመር። እሳቸው ወደ መኖ ቤቱ ገቡ። ቆርቆሮው ከላይ በፀሐይ ጠሽ ጠሽ ይላል። ከረጢቱን ከፍተው አፍንጫቸውን አስጠጉ።

የተቃጠለ ነጭ ሽንኩርት። ጨርሶ የደከመ፣ የመጨረሻው የመጨረሻው ቅሪት፤ ግን እሱው ነው። ሌላ ሰው ላያውቀው ይችላል። እሳቸው ያውቁታል። አጠገባቸው የነበረው የፉርሽካ ጆንያ ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

የዚያን ዕለት ገባቸው። ሂሳብ አላስፈለጋቸውም። ሠላሳ ስድስቱ ከረጢቶች ዓመት ሙሉ የተኙት እሳቸው ጋ ነው፤ የእህታቸው ከረጢት ግን አንድም ማታ ጋሪ ላይ የጫነው የለም።

ሰኞ ሊናገሩ ወሰኑ። ሰኞ ኬሚስቷ ስብሰባ ላይ ነበረች። ማክሰኞ ነበረች፤ ሰላም ብለዋት አለፉ። ረቡዕ መጋዘኑን ጠረጉ፤ ሐሙስም ጠረጉ። ማታ ማታ እህታቸው እራት ታቀርብላቸውና እሷ ሳትቀምስ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። «ወንድም ጋሼ፣ እኔ እሰርቃለሁ?» ትላለች። «ኧረ በስመ አብ!» ይላሉ። «ታዲያ ምን ሆነ?» ትላለች። ጉርሻው አፋቸው ውስጥ አሸዋ ይሆናል። ጠዋት ጠዋት የጣቢያው መኪና ደጃቸውን ሳይቆም ያልፋል፤ እሷም ከንፈሯን ነክሳ ጋኗን ትሸከማለች። ጎረቤት ሰላምታው አጠረ። አንዷማ «መስፈሪያሽን አውሺኝ፤ የእኔ ሞልቶ አስቸገረኝ» ብላ አጥር ላይ ሳቀችባት።

በዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጋሽ ጥላ ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር አለ።»

«ይግቡ ጋሼ፤ ይንገሩኝ» አለች፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሳ።

«ከረጢቶቹ ማታ ማታ እዚያ አልነበሩም።»

«የትኞቹ ከረጢቶች?»

«ሠላሳ ስድስቱ።»

ዓይኗን አነሳች። «የት ነበሩ?»

«እኔ ጋ። ቀዝቃዛው ክፍል፣ ሦስተኛው መደርደሪያ።»

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ መብራት እንደሄደበት አምፖል በአንዴ ጠፋ። እርሳስ አነሳች። «ከስንት ሰዓት እስከ ስንት?»

«ከአሥራ አንድ እስከ ጠዋት ሁለት።»

«ቅዳሜ?»

«ከቀትር በኋላ።»

«እሑድስ?»

«እሑድማ እሑድ ነው።»

ጻፈች፣ አባዛች፣ ሰረዘች። «አሥራ ሁለት ወር አይደለም» አለች በመጨረሻ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ። «ሙቀት ውስጥ የቆየው ሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ልባጩ ሲላላ አላየሁትም። ሦስት ወር... እኔ ዓመት ብዬ ፈረምኩ።» ቀና ብላ አየቻቸው። «ለምን ጋሼ? ለምን?»

«አለቀስሽ» አሉ።

እርሳሷን አስቀመጠች። ከዚያ ተነስታ በሩን ዘጋች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለማንም አይናገሩ። እባክዎ። ቀስ ብዬ ሌላ ሙከራ እጀምራለሁ። ልባጩን እናሻሽላለን፣ አሮጌውን ከረጢት በአዲሱ እንተካለን፤ ማንም ሳያውቅ ይስተካከላል። አሁን ከወጣ እኔ አለቀልኝ፤ ዱቄቱም አለቀለት። ጥሩ ነገር እኮ ነው ጋሼ፣ ይሠራል! ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው።»

«እህቴስ?»

«እሷ አንድ ሰው ናት...» ብላ ጀመረችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቃሉ ግን ወጥቷል። ሁለቱም ሰምተውታል።

ጋሽ ጥላ ኮፍያቸውን አጠለቁ። ልጅቷን አልተቆጧትም። ደግሞስ በየትኛው አፋቸው? አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የሰማችውን ለመደበቅ ፈለገች፤ እሳቸው ዘጠኝ ቀን ደብቀዋል።

ሐሙስ የማሰባሰቢያው አዳራሽ ሞላ። አዳራሽ ሲባል የወተት ጋኖች የሚታጠቡበት ሰፊ ክፍል ነው፤ ወለሉ እርጥብ፣ ወንበሩ ከየቤቱ የተለቀመ። ፊት ለፊት ሰብሳቢው፣ ጎኑ ሥራ አስኪያጁ፣ ከእሱ ቀጥላ ኬሚስቷ ተቀምጠዋል። ወይዘሮ ሚዛን የበረቷን በር ከማጠፊያው አስነቅላ፣ ሰረዞቹ እንዳሉ፣ በሰው አሸክማ አምጥታለች። ግድግዳ ላይ አስደገፈችው። ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ሰብሳቢው ቁጥሮቹን አነበበ። ከሌሎቹ አርቢዎች አንዱም ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም አለ። ከኋላ አንድ ሰው «የሌሎቻችን ገና ሁለት ወራችን ነው!» ሲል «ተራህን ጠብቅ» ተባለ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ስለ ዱቄቱ ጥንካሬ ተናገረ። ኬሚስቷ ምስክርነት እንድትሰጥ ስሟ ሲጠራ ተነሳች፤ ወረቀቷን ያዘች። ዓይኗ ጋሽ ጥላ ላይ አረፈ።

«ቁጭ በይ ልጄ» አሉ ጋሽ ጥላ ከመሀል ቆመው። «እኔ ልናገር።»

«እርስዎ የምን ተወካይ ነዎት?» አለ ሰብሳቢው። «ወንድሟ አይደሉም እንዴ?»

«ወንድሟም ነኝ፤ መጋዘን ጠባቂም ነኝ። የምናገረው እንደ መጋዘን ጠባቂ ነው።»

ተናገሩ። ሳያሳጥሩ፣ ሳያስረዝሙ። ጋሪውን፣ ሰዓቱን፣ ሦስተኛውን መደርደሪያ። «ላቡ ጠብ ጠብ ሲል አላስቻለኝም» ሲሉ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ «ትራስም ያደርጉላቸው ነበር?» አለ። ሳቁ ሁለተኛ ዙር ተነሳ። ጋሽ ጥላ እስኪበርድ ጠበቁ።

«ትራስ አላደረግሁም» አሉ። «ከሥራቸው ካርቶን አነጠፍኩ።»

በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። ሥራ አስኪያጁ ወደ ኬሚስቷ ዘንበል ብሎ «እውነት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ዱቄቱ ሞቷል» አሉ ጋሽ ጥላ። «በእህቴ ቆርቆሮ ሥር አምስት ወር ከተቀመጠ በኋላ ሞቷል። የእናንተም ይሞታል። እሷ አንድ ቀን አላጎደለችም። ያጎደልኩት እኔ ነኝ።» ተቀመጡ። ወንበሩ የሰው ነበር፤ አንድ እግሩ አጭር ስለሆነ ተንገዳገዱ።

ወይዘሮ ሚዛን ዘወር ብላ አላየቻቸውም። በሯን አሸክማ ወጣች።

ቀይ ጽሑፍ ያለባቸው ከረጢቶች ተሰበሰቡ። የጣቢያው መኪና በሳምንቱ ደጇ ላይ ቆመ፤ ሰብሳቢውም ራሱ ወርዶ ይቅርታ መሰል ነገር አለ። ኬሚስቷ አልተመሰገነችም፤ ማስጠንቀቂያ ተጽፎላት ሦስተኛ ሙከራ እንድትጀምር ታዘዘች። የሙቀት ክፍሏን ቁልፍ በክር አድርጋ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። ጋሽ ጥላ መጋዘኑ ተወስዶባቸው መኖ የጫኑ መኪናዎች የሚመዘኑበት በር ላይ ተመደቡ። ልጅቷ ስታልፍ «እንደምን አደሩ» ትላቸዋለች። ጋሼ አትላቸውም።

ቤት ውስጥ እራት ይቀርባል፤ አሁን እህታቸው ትበላለች። አንድ ማታ ማንኪያዋን አስቀመጠችና «አሥራ አንድ ቀን» አለች።

«ምን?»

«ከዚያ እሑድ እስከ ስብሰባው ሐሙስ። እያየኸኝ ዝም ያልክበት። የሆነውን አይደለም የምልህ፤ እሱ ሞኝነት ነው፤ ሞኝነትህን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። አሥራ አንዱን ቀን ነው።»

በሚቀጥለው ጠዋት ከክፍላቸው ሲወጡ በራቸው ላይ በጠመኔ የተሰመሩ አሥራ አንድ ሰረዞች አዩ። አላጠፏቸውም።

በወሩ አዲስ ልባጭ ያለው ከረጢት መጣ፤ ምንም ያልተጻፈበት፣ ነጭ። ሦስተኛው ሙከራ በየመኖ ቤቱም እንዲታይ፣ አርቢዎቹ በለመዱበት እንዲያስቀምጡት፣ ሳጥኑም በየወሩ እንዲለካ ነው። ወይዘሮ ሚዛን እዚያችው ቦታ፣ ከቆርቆሮው ሥር አኖረችው።

እሑድ ቀትር ላይ ጋሽ ጥላ በመኖ ቤቱ ደጅ አለፉ። በሩ ገርበብ ብሏል። ከውስጥ ሙቀቱ እንደ ምድጃ ፊታቸውን መታቸው። ከረጢቱ ፀሐይ ከቀዳዳው በምትገባበት በኩል ተቀምጧል። አንድ እርምጃ ቢገፉት፣ አንድ እርምጃ ብቻ፣ ጥላ ያገኛል። ሳያውቁት ገብተው እጃቸውን ጫፉ ላይ አሳርፈው ነበር።

«ወንድም ጋሼ።»

እህታቸው የበረቱ በር ላይ ቆማለች፣ ጠመኔ በእጇ።

«አልነካሁትም» አሉ።

«እጅህ የት ነው ያለው?»

እጃቸውን አነሱ። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ወደ ውጭ ወጥተው ፀሐዩ ላይ ቆሙ፤ ቆርቆሮው ከኋላቸው ጠሽ ጠሽ ሲል እየሰሙ። እሷም እስኪሄዱ ድረስ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።